የግራ ጎማዋ ትኩሳት

ጅልነቴን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ራሴ ልንገራችሁ። የመኪናችን የፊት ግራ ጎማ «ግርርር» ማለት ሲጀምር፣ እኔ ያገኘሁለት መድኃኒት ቴፑን ከፍ ማድረግ ነበር። አትሳቁ፣ ይሠራ ነበር እኮ! ቴፑ ከፍ ሲል ድምፁ ይጠፋል። ድምፁ ሲበረታ እኔም አበረታለሁ። እንዲህ እየተባባልን ቆይተን መጨረሻ ላይ በቢቸና መሀል ስናልፍ ሙሽራ የምናመጣ መስሎት እልል የሚልልን ሰው ተገኘ። እኔም እጄን በመስኮት አውጥቼ አመሰገንኩ።

መኪናዋ የባለቤቴ ናት። ባለቤቴ ጫጩት አሳድጋ ከቢቸና እስከ ሞጣ ለሚፈልግ ሁሉ ታደርሳለች፤ አሮጌዋን ደብል ጋቢና ፒክአፕ የገዛችውም በዚሁ ሥራ ነው። የምትነዳውም እሷ ናት። እኔ አንድ ሰሞን ልማር ብዬ ሞክሬ ነበር፤ አስተማሪዬ ሁለት ቀን አብሮኝ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እርስዎን ሲነዱዎት ነው የሚያምርብዎት» ብሎ በክብር አሰናበተኝ። ሙያዬ ታሪክ ማስተማር ነው። ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን የማየት ልምድ የለኝም።

ነገር ግን ወንድ ነኝና የጋራዥ ጉዳይ የኔ ነው ይባላል። አብረን ጋራዥ ስንገባ ባለቤቴ ትጠይቃለች፣ መልሱ ለኔ ይመጣል። «ፍሬኑ ለምንድነው የሚጎትተው?» ትላለች። የጋራዡ ልጅ ወደኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ሸራው አልቆ ነው» ይላል። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። አንዲት ነገር ሳይገባኝ በመነቅነቅ ብቻ ስንት ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። ደሞዝ የሚከፈለው ለአንገት ቢሆን ኖሮ ጡረታዬ ያስቀና ነበር።

ይሄ ሁሉ ቀላል ነበር፣ መካኒካችን አበልጄ ባይሆን። የልጃችን የክርስትና አባት ነው። ከዚያ በፊት አብረን ጨርቅ ኳስ ያባረርን፣ የምንሰዳደብ ጓደኛሞች ነበርን። ልጁን ክርስትና ካነሳልኝ ቀን ጀምሮ ግን አንቱ ተባባልን። አንቱ ከተባባልን በኋላ ደግሞ እውነት መነጋገር ቀረ። አበልጅን «እስቲ የተበላሸውን ዕቃ ያሳዩኝ» ይባላል እንዴ? ሰውየውን ሌባ ከማለት በምን ይለያል? ስለዚህ መኪናዋን ይዘን እንሄዳለን፣ እሱ ጎማውን ፈትቶ ግራሶ ቀብቶ ይመልሳል፣ «ደህና ናት አበልጅ» ይለኛል፣ «እግዜር ይስጥልኝ አበልጅ» እለዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ግርርር።

ባለቤቴ ሁለት ጥያቄ አላት። ሌላ ነገር ቢጠፋት እነዚህ አይጠፏትም። «አሳየኝ» እና «ባይሠራስ ምን ይመጣል?» ናቸው። ግንበኛም ይሁን፣ የመኖ ነጋዴም ይሁን፣ ሐኪምም ይሁን፣ ከነዚህ አያመልጥም። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄጄ የደም ግፊቷን ለክተው፣ «ደህና ነሽ» ቢሏት፣ «ደህና ስንት ነው? ቁጥሩን አሳዪኝ» አለች። እኔ አፍሬ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥ አደረግኳት። እሷ ሆዬ ጮክ ብላ፣ «ምነው እግሬን ትረግጠኛለህ?» አትለኝም! ነርሷ ሳቀች፣ ቁጥሩን አሳየቻት፣ እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጡት ማጥባት ሥዕል በጥሞና አጠናሁ።

እንዲህ ያለች ሴት ታዲያ ያንን ጎማ እንዴት ዝም አለችው ብትሉ፣ እኔ ነኝ ያስቆምኳት። «እሱን እኔ ሄጄ እጠይቀዋለሁ» ብል፣ «አንተ ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለችኝ። «አበልጄ ነው፤ አንቺ ከጠየቅሽው ይከፋዋል፣ በዓመት በዓል በምን ፊቴ አየዋለሁ? ለኔ ተይው» ብዬ ለመንኳት። ተወችልኝ። እኔም ቴፑን ጨመርኩ።

በዚሁ መሀል ነው የሞጣው ጉዳይ የመጣው። ባለቤቴ የማህፀን በር ምርመራ የሚባለውን፣ ሴቶች ሳያማቸው የሚታዩትን፣ አንዴ ታይታ ነበርና የማህበር እህቶቿን እንዲታዩ መወትወት ያዘች። ከክረምት ጀምራ ነው የወተወተችው። ከሁሉ ያስቸገሯት ጎረቤታችን እትዬ ነበሩ። ከባለቤቴ በጥቂት ዓመት ይበልጧታል፤ በማህበሩ ግን ቃላቸው ይሰማል። እሳቸው እሺ ካሉ ሁሉም እሺ ነው፣ እሳቸው እንቢ ካሉ ሁሉም ወገቡን ያመዋል።

«ሳያመኝ ሐኪም ቤት? ያልበላኝን ማከክ አይሆንም?» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ የመኪና ዘይት የሚለካው ቀጥ ካለች በኋላ ነው እንዴ?» አለች ባለቤቴ። «ጠዋት ጠዋት ነው፣ ደህና ሳለች።»

«እኔ መኪና ነኝ?»

«መኪና ቢሆኑማ ይሄን ጊዜ አስነስቼ ወስጄዎት ነበር።»

ሳቁ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ ግማሹን እሺ ብሏል። በመጨረሻ ሁለት ነገር አስቀምጠው ተስማሙ። አንደኛ፣ ቢቸና አይሆንም፣ ሰው ያየናል፤ ሞጣ ይሁን፣ እዚያ ማንም አያውቀንም። ሁለተኛ፣ «መንገድ ላይ መኪናዋ ከቆመች እመቤቴ አልፈቀደችም ማለት ነው። እመለሳለሁ፣ ዳግመኛም አትለምኚኝም። ቃል ግቢልኝ።» ባለቤቴ ቃል ገባች። ማታ ለኔ፣ «ስለ ጎማው አበልጅን ጠይቀኸዋል አይደል?» አለችኝ። «ጠይቄዋለሁ፣ ደህና ናት ብሏል» አልኳት። ደህና ናት ማለቱ እውነት ነው። እኔ ግን የጠየቅኩት ስለ ሚስቱ ወገብ ነበር።

በነጋታው ማልደን ተነሳን። ጋቢና ውስጥ ባለቤቴ መሪ ላይ፣ እትዬ ከጎኗ፣ ሁለት የማህበር እህቶች ከኋላ ወንበር። ሁሉም አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፤ ለምርመራ ሳይሆን ለንግሥ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። እኔስ? «ወንድ ከሌለ ጋራዥ ያታልላል፣ እሱም ይምጣ» ብለው እትዬ ስለፈረዱ፣ ጭነቱ ላይ፣ ለሞጣ ገዢዎች ከምታደርሳቸው የጫጩት ሳጥኖች መሀል ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ሊያታልል የሚችልን መካኒክ ላስፈራራ የተጫንኩ ወንድ ነኝ እንግዲህ። ጫጩቶቹ ከኔ የተሻለ ቦታ ነበራቸው።

ደብረ ወርቅን ስናልፍ አንድ ነገር ታወቀኝ። ቴፕ የለም። ለካ እትዬ፣ «ይሄን ጩኸት ዝጊልኝ፣ ዳዊቴን ልድገም» ብለው አዘግተውታል። እኔም ቴፑን እንዳልከፍት ጋቢና ውስጥ አይደለሁም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ጎማ ሳይሸፈን ሰማሁት። ግርርር ድሮ ቀርቷል፤ አሁን ወፍጮ ቤት ሆኗል። መጀመሪያ ጫጩቶቹ ናቸው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ጫጩት እንደዚያ ካለችማ የሚገዛት የለም። ግንደወይንን አልፈን ወደ ሞጣ ስንቃረብ ላቤ መጣ። ልንገር ወይስ ዝም ልበል? ብነግር መኪናዋ ትቆማለች፣ እትዬ ይመለሳሉ፣ የባለቤቴ የወራት ልፋት ገደል ይገባል። ዝም ብል ደግሞ እኛው ገደል እንገባለን። ሳጥኑ ላይ ቆሜ የጋቢናውን ጣራ ደበደብኩ።

ባለቤቴ ጥግ ይዛ አቆመች። ወረደች። የእጇን ጀርባ የቀኙ ጎማ መሀል ያለው ብረት ላይ አስጠጋች፣ ልክ ትኩሳት ያለው ልጅ ግንባር እንደሚነካ። ለብ ብሏል። ወደ ግራው ዞረች፣ አስጠጋች፣ እጇን ቶሎ ሳበች።

«ቆመች!» አሉ እትዬ በመስኮት። ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ደስታ ያለ መሰለኝ። «አላልኳችሁም? ምልክቱ መጣ። በሉ መልሱኝ።» ከኋላ ያሉት ሁለቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ወገባቸውን ሊያማቸው ነው።

ባለቤቴ አልተከራከረችም። «እሺ እትዬ፣ እመልስዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ምን እንደሆነች እንያት፤ ሳናያት ብንመለስም መንገድ ላይ ትጥለናለች» ብላ ክሪኩን አወጣች። እኔ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ ተባልኩና ደህና አድርጌ አስገባሁ፤ በዚያ ቀን ያለስህተት የሠራሁት ሥራ ያ ነው። ጎማው ከመሬት ሲነሳ ላይና ታቹን ይዛ ወዘወዘችው። ተንገጫገጨ፣ እንደ እርጅና ጥርስ። እትዬ ሳያስቡት ወርደው አጠገቧ ቆመዋል።

ስልኳን አውጥታ ለአበልጄ ደወለች። ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገችው። እኔ ከጫጩት ሳጥን ውስጥ መግባት ተመኘሁ።

«አበልጅ፣ እንደምን አደሩ? መንገድ ላይ ነኝ። የግራው ጎማ ይፋጃል፣ ሲወዘወዝም ይጫወታል። ምኑ ነው?»

«ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው አበልጅ» አለ ቀስ ብሎ። «ካለቀ ቆይቷል።»

«ካወቁ ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ? ግዙ ብዬ ብነግራችሁ፣ ዕቃ ሊሸጥብን ነው ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ለአበልጅ እንዴት ይህን አውጡ ይባላል? ግራሶ እየቀባሁ ባቆያት፣ ባልሽ ራሱ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። እሱ ሲመጣ ደግሞ የሚጠይቀኝ ስለ ሚስቴ ወገብ ነው!»

ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። እኔ ወደ ሰማይ ተመለከትኩ። ሰማዩ ጥሩ ነበር።

«ባይሠራስ ምን ይመጣል?» አለች ባለቤቴ።

«አንድ ቀን አልዞር ብሎ ይነክስና ጎማው ጥሎሽ ይሄዳል። አሁን ግን የት ደርሳችኋል?» ነገረችው። «ሞጣ ደጇ ላይ ናችሁ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ ውሃ እንዳታፈሺበት። ከዚያ በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለሽ ግቢና ዛሬውኑ አስቀይሪው። በሰዓቱ ነው ያየሽው። ይቅር በይኝ፣ አበልጅ።» ሲደነግጥ ለካ አንቱታው ጠፍቶታል።

ባለቤቴ ስልኩን ዘጋችና፣ «በሉ እትዬ፣ ቃሌ ቃል ነው። ሲቀዘቅዝ ወደ ሞጣ አስገባትና ከዚያ አውቶቡስ አሳፍርዎታለሁ» አለች። አልለመነቻቸውም። እትዬ ግን አይናቸውን ከጎማው አላነሱም። ጣታቸውን ጠጋ አድርገው፣ «ኧረ ይሄ ነገር ይፋጃል!» ብለው መለሱት።

«ከውስጥ ሲበላ የከረመ ነው» አለች ባለቤቴ።

«ከላይ እኮ ምንም የለባትም። ታጥባለች፣ ታበራለች።»

«እሱን ነው የምለው እትዬ።»

እትዬ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ወደኔ ዞሩ፣ ወደ ጎማው ዞሩ። «እንዲያው ይሄ ምልክት ለመመለስ ከሆነ፣ እመቤቴ ሞጣ ደጃፍ ድረስ ምን አስለፋት? ደብረ ወርቅ ላይ አታቆመንም ነበር?» አሉ። ከኋላ ካሉት እህቶች አንዷ፣ «እውነት ነው» አለች፤ ወገቧም ወዲያው ዳነ።

ሞጣ በኤሊ እርምጃ ገባን። ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ ከመኪናዋ አልፎ፣ ከባለቤቴ አልፎ፣ ጋቢ ላይ ጭድ የለጠፍኩትን እኔን መርጦ፣ «ጋሼ፣ ምን ሆና ነው?» አለኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ትልቅ ጀግንነት ሠራሁ። ራሴን አልነቀነቅኩም። «ባለመኪናዋ እሷ ናት» አልኩት። ሰውየው ሦስት ጊዜ ወደኔ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ወደሷ፤ ኳስ እንደምናቀብል ተጨዋች። በመጨረሻ ተሸንፎ ከሷ ጋር ተነጋገረ።

ችግሩ ግን ገና ነበር። ባለቤቴ መኪናዋ ጋ ከቀረች ሴቶቹ ያለሷ የሆስፒታሉን በር አያልፉም። ከሴቶቹ ጋር ከሄደች ደግሞ መኪናዋ በኔ እጅ ልትቀር ነው። ባጃጅ ስታስቆም አይኔን አይታ፣ «ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። ስትፈራ ስለ ሚስቱ ወገብ እንዳትጠይቅ» አለችኝና ሄደች።

ገና ባጃጇ ከመታጠፏ፣ «ጋሼ፣ የቀኙንም ብንቀይረው፣ መሪውንም ብናወርደው...» ማለት ጀመረ መካኒኩ። አንገቴ በልማዱ ሊነቀነቅ ጀምሮ ነበር፤ በእጄ ያዝኩት። «አሳየኝ» አልኩ። ድምፄ ገና የጎረመሰ ልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ። መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝ። ያን ያህል ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሳየኝ። የግራው ኩሽኔታ ጠቁሮ፣ ጥርስ ጥርሱን ተበልቷል። የቀኙ ያብረቀርቃል። «ይሄኛው ባይቀየርስ ምን ይመጣል?» አልኩ፣ አሁን ጎረምሳው ትንሽ አድጓል። «ምንም አይል፣ ይቆያል» አለ። «ጋሼ፣ የመኪና ሰው ነዎት እንዴ?»

«የባለቤቴ ሰው ነኝ» አልኩት። አሮጌውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጫጩቶቹ ጮኹ፤ ለኔ ጭብጨባ ነው የመሰለኝ።

መኪናዋ ተሠርታ ስታልቅ ለባለቤቴ ብደውልላት መጥታ አንዴ ነድታ ሞከረቻት፣ ከዚያ አብረን ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። መንገድ ላይ ያለውን ነገረችኝ። ማንም አያውቀንም ብለው ሞጣ የመጡት እትዬ በሩ ላይ የቢቸና ጎረቤታቸውን ቁጭ ብላ አገኟት። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ሴትየዋ፣ «እትዬ፣ አይሸፋፈኑ፤ እኔም ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አለቻቸው። ተያይዘው ሳቁ፣ ተያይዘው ገቡ።

ሁለቱ እህቶች ወዲያው ደህና ናችሁ ተብለዋል። እትዬ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ታየች። ገና ምንም ያልሆነች፣ ቆይታ ግን ልትሆን የምትችል። ባለቤቴ ከጎናቸው ነበረች፤ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት እትዬ ቀደሟት። «ባይሠራስ ምን ይመጣል?» አሉ። ነርሷ አስረዳቻቸው። «እንግዲያው ዛሬውኑ ይሠራ» አሉ። እዚያው በደቂቃዎች አከሟቸው፣ የሚመለሱበትንም ቀን ቆረጡላቸው።

ስንደርስ እትዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ለሚጠብቁ ሴቶች ይሰብካሉ። «ይሄን ያህል ነው እንዴ የፈራሁት? እኔ ስምንት የወለድኩ ሴት! ኩሽኔታዬ ገና ሳይነክስ ነው የተገኘልኝ!» ይላሉ። ሴቶቹ ኩሽኔታ የሚባለው የሰውነት ክፍል የት እንዳለ ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ። እኔን ሲያዩኝ ብድግ አሉና፣ «አንተስ? ያንን ጣራ የደበደብክበት እጅህ ይባረክ። በል ግባ፣ ግፊትህን ተለካ» አሉኝ።

«ምን አመመኝና?» ልል ነበር። ባለቤቴ ፈገግ ብላ አየችኝ። ገባሁ።

ለኪዋ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ሆና አረፈችው። «ቲቸር፣ ምን ይሰማዎታል?» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ። «ራስ ምታት?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «እሱ እኮ አዎ ነው አይደለም ነው?» ባለቤቴ ከኋላ፣ «ማታ ማታ ራሱን በሻሽ ያስራል» አለች። ግፊቴ ከፍ ብሏል። ቁጥሩን አሳይታን፣ ጨው ቀንስ፣ ተራመድ፣ ተመልሰህ ቢቸና ተለካ ተባልኩ። ባይሠራስ የሚለውን ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀም፤ ጎማውን ሁላችንም አይተነዋል።

ጫጩቶቹን ለገዢዎቻቸው አድርሰን ስንመለስ ባዶ ሳጥኖቹ መሀል ነበርኩ። ቴፕ የለም፣ ግርርር የለም። ከጋቢናው የሴቶቹ ዘፈን ይሰማል፣ ከመሀል የእትዬ ድምፅ ጎልቶ። ጤፉ በሁለቱም በኩል ነፋስ ሲነካው ተኝቶ ይነሳል። እኔም አብሬ ዘፈንኩ፤ ግጥሙን አላውቀውም፣ ራሴን እየነቀነቅኩ።

ቢቸና እንደገባን መጀመሪያ የቆምነው አበልጄ ጋራዥ ነው። ባለቤቴ ያንን የተበላ ኩሽኔታ ከጨርቁ አውጥታ በእጁ ላይ አኖረችለትና፣ «ከእንግዲህ አበልጅ፣ አልቋል ይበሉኝ፤ መግዛቱ የኔ ነው» አለችው። አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ግንባሯን ሳማት። እሷ ሴቶቹን ልታደርስ ስትሄድ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ኩሽኔታውን እያገላበጠ፣ «እርስዎስ አበልጅ? ተለካ ሲሉ ሴቶቹን ሰማሁ፤ ምን አሉዎት?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። «ትንሽ ግፊት ነገር አሉ እንጂ ደህና ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝና ያንን ጠቁሮ የተበላ ብረት መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«አበልጅ» አለኝ፣ «እኔም እኮ መኪናችሁን ደህና ናት ስል ነው የከረምኩት።»